ልብሰ ተክህኖ በአራዳ፦ ስለ ንድፉ፣ ስለ ጨርቁና ስለ ሠሪው እጅ

ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። በኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ለቅዳሴ ሲቆም የሚለብሰው ልብስ እንዴት ይነደፋል? ከምን ዓይነት ጨርቅ ይሠራል? ማንስ ይሠራዋል? ጥያቄዎቹ የልብስ ስፌት ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ ካባ ስፌት ውስጥ የታሪክ፣ የሥነ መለኮት፣ የጂኦሜትሪና የኑሮ ጉዳይ አብሮ ተሰፍቶ ይገኛል። በዚህ ሰዓት ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቅዱስ ልብስ የአገር ልብስ የሚሆነው ከላዩ በተለጠፈበት ጌጥ ሳይሆን በተቆረጠበት ቅርጽ፣ በተሸመነበት ጨርቅና በሠራው እጅ ነው። እነዚህ ሦስቱ ከጠፉ ጌጡ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

በመጀመሪያ ስለ ልብሱ ዓይነት እንነጋገር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአገራችን በሁለት ሥርዓተ አምልኮ ትገለገላለች። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከቶች የሚፈጸመው የግዕዝ ሥርዓት ነው። በደቡብ፣ በምዕራብና በምሥራቅ ባሉት ሐዋርያዊ ሰበካዎች ደግሞ የላቲን ሥርዓት ይፈጸማል። ስለዚህ ከፒያሳ ብዙም በማይርቀው የልደታ ለማርያም ካቴድራል የሚቀድስ ካህንና በሶዶ ወይም በጋምቤላ የሚቀድስ ካህን በእምነት አንድ ሲሆኑ በአለባበስ ግን የሁለት ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

በግዕዝ ሥርዓት ካህኑ በመጀመሪያ እስከ እግሩ የሚወርደውን ቀሚስ ይለብሳል፤ በዝናር ወገቡን ይታጠቃል፤ የክህነቱ ምልክት የሆነውን ሞጣሕት ከአንገቱ ወደ ታች ያወርዳል፤ በላዩም ፊቱ ክፍት የሆነውን ካባ ይደርባል። በትከሻና በደረት ላይ የሚያርፈው፣ ጫፎቹ እንደ ምላስ ተከፍለው የሚወርዱት ክፍል ላንቃ ይባላል። በራስ ላይ ደግሞ አክሊል ወይም ቀጸላ ይደረጋል። በላቲን ሥርዓት ካህኑ ነጭ አልባ ይለብሳል፤ ስቶላ ያደርጋል፤ በላዩም በራስ በኩል የሚጠለቀውን ካዙላ ይለብሳል። የካዙላ ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ ቤት ማለት ነው። ስሙ ቅርጹን ይናገራል፤ ካዙላ ዙሪያውን የተዘጋ ልብስ ነው። የኛው ካባ ግን ፊቱን ለሕዝቡ የከፈተ ነው።

የላቲኑ ሥርዓት የቀለም ሕግም አለው። ለታላላቅ በዓላት ነጭ፣ ለሰማዕታትና ለጰራቅሊጦስ ቀይ፣ ለተራው ዘመን አረንጓዴ፣ ለጾምና ለንስሐ ሐምራዊ ይለበሳል። በግዕዝ ሥርዓት ግን ቀለም በዚህ መልክ በጥብቅ አልተደነገገም። የልብሱ ክብር በቀለም ለውጥ ሳይሆን በጨርቁ ጥራት፣ በጥልፉና በንጽሕናው ይገለጻል። ይህ ልዩነት ለነዳፊው ቀላል አይደለም። ለላቲን ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ ሰው ቢያንስ የአራት ቀለም ልብስ እንዲያዘጋጅ ይጠበቅበታል፤ ለግዕዝ ሥርዓት የሚሠራው ግን ጉልበቱንና ገንዘቡን በአንድ ካባ ላይ ሊያፈስስ ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንለፍ። በአገራችን የሥርዓተ አምልኮ መልክ ደም ያፋሰሰ ጉዳይ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የላቲንን ሥርዓት በአገሩ ላይ ለመጫን ሞከረ። ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ በዓላቱና ጾሞቹ እንዲለወጡ ጠየቀ። ውጤቱ ዐመፅና እልቂት ሆነ፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሕዝቡ የተቆጣው በመጽሐፍ ውስጥ ስላለው የሊቃውንት ክርክር ብቻ አልነበረም። በዓይኑ የሚያየው፣ በጆሮው የሚሰማው፣ አባቶቹ ያወረሱት አምልኮ ከፊቱ ሲወሰድበት ነው የተነሣው።

ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አድዋ የመጣው የላዛሪስት ማኅበር አባል ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ በአገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብ፣ ሌላ መንገድ መረጠ። የአገሩን ቋንቋ ተማረ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ኖረ፤ የግዕዝ ሥርዓት ሳይነካ እንዲጠበቅም ታገለ። እ.ኤ.አ. በ1849 በምፅዋ ማዕርገ ጵጵስና የሾመው የካፑቺኑ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያ፣ አባ ማስያስ የምንለው፣ ነበር። አቡነ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅድስናው ታውጆለታል። ለዛሬው ርእሳችን የሚጠቅመን ግን የዘዴው ትምህርት ነው፤ ይኸውም እንግዳው ሰው የባለአገሩን ልብስ ለበሰ እንጂ ባለአገሩን የራሱን ልብስ አላለበሰውም።

ይህ አስተሳሰብ በኋላ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ሆነ። የአዲስ አበባ መንበር እ.ኤ.አ. በ1961 የሜትሮፖሊታን መንበር ሆኖ ተቋቋመ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1964፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ የምሥራቅ ካቶሊኮች የገዛ ራሳቸውን ሥርዓት እንዲጠብቁ፣ ከእርሱ የራቁም እንደሆነ ወደ አባቶቻቸው ልማድ እንዲመለሱ አዘዘ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1991 ጀምሮ የሚሠራበት የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግም በአንቀጽ 707 ስለ ልብሰ ተክህኖ እያንዳንዷ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ደንብ በጥንቃቄ እንድትጠብቅ ይደነግጋል። የሌላን ሥርዓት ልብስ መጠቀም የሚፈቀደው የራስ ልብስ ባልተገኘ ጊዜና ምእመናን የማይደናገሩ ሲሆን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ለአፍታ ቆም እንበል። ሕጉ የራስ ልብስ ባልተገኘ ጊዜ ይላል። ልብሱ እንዲገኝ የሚያደርገው ማን ነው? ጳጳሱ አይደለም፤ የቀኖና ሊቁም አይደለም። ሸማኔው፣ ሰፊውና ጠላፊው ናቸው። የሕጉ መፈጸም በመጨረሻ የሚወሰነው በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ መቀስ በያዘ ሰው ነው ማለት ነው።

ስለ ቅርጹ እንነጋገር። ልብሰ ተክህኖን የሚቀርጸው የካህኑ እንቅስቃሴ ነው። በግዕዝ ቅዳሴ ካህኑ ጽና ይዞ ያጥናል፤ መንበሩን ይዞራል፤ በመስቀል ይባርካል፤ እጆቹን ዘርግቶ ይጸልያል። ፊቱ ክፍት የሆነ ካባ ለዚህ ሁሉ የተመቸ ነው፤ ክንዱ ሲነሣ ጨርቁ ወደ ኋላ ይሸሻል እንጂ አይጎትትም። የተዘጋው ካዙላ ግን በክንድ ላይ ይከመራል። ከጥንት ጀምሮ በምዕራቡ ዓለም ካህኑ ሥጋ ወደሙን ከፍ ሲያደርግ ዲያቆኑ የካዙላውን ጠርዝ ከኋላ ይዞ የሚያግዘው ለዚህ ነበር፤ በኋለኞቹ ዘመናትም ሰፊዎች የካዙላውን ጎንና ጎን እየቆረጡ ክንዱን ነጻ ያወጡት ለዚሁ ነው። ስለዚህ ካባን በካዙላ መተካት ጌጥን በጌጥ መተካት ብቻ አይደለም፤ የካህኑን ክንድ ጭምር መለወጥ ነው።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ 1.40 ሜትር የሚለካ ካህን እንውሰድ። ካባው በመሠረቱ ግማሽ ክብ ነው፤ የክቡ ሬዲየስ 1.40 ሜትር፣ የቀጥተኛው ጠርዝ ርዝመት ደግሞ 2.80 ሜትር ይሆናል። ሰፊው ወርዱ 1.50 ሜትር የሆነ ከፋይ ከገዛ 2.80 ሜትር ጨርቅ ይበቃዋል፤ በመካከል መገጣጠሚያ ስፌት አይኖርም። የአገራችን ሸማ ግን ሸማኔው በእጁ በሚወረውረው መወርወሪያ የሚሸመን በመሆኑ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር አይሞላም። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። አሁን ነዳፊው መምረጥ አለበት። ጨርቁን አግድም ካስተኛው ሁለት ወርድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ 2.80 ሜትር፣ ሁለተኛው 2.30 ሜትር ያህል፣ በድምሩ 5.10 ሜትር። ጨርቁን ቁልቁል ካቆመው አራት ወርድ ያስፈልገዋል፤ በድምሩ 5.10 ሜትር ያህል ይሆናል። የጨርቁ ፍጆታ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ ስፌቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ በመጀመሪያው ምርጫ ስፌቱ የካህኑን ጀርባ አግድም ይቆርጣል፤ በሁለተኛው ምርጫ አከርካሪውን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ ለሚጸልይ ካህን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቁልቁል የወረደ ስፌት በጥልፍ መስቀል ሊሸፈንና የንድፉ ምሰሶ ሊሆን ይችላል፤ አግድም የሄደው ግን የካህኑን ቁመት ለሁለት ይከፍለዋል።

የጥለትም ነገር እንዲሁ ነው። ጥለት በሽመና የሚወጣ ጌጥ ነው፤ ድርና ማግ በሚገናኙበት ቦታ የሚወለድ ስለሆነ ሁልጊዜ ቀጥተኛ ነው። የካባው የታችኛው ጠርዝ ግን ክብ ነው። ቀጥተኛ ጥለትን በክብ ጠርዝ ላይ በግድ የሰፋ ሰው ጨርቁ ሲኮማተርበት ያያል። ስለዚህ የጥለት ተፈጥሮአዊ ቦታ የካባው የፊት ክፍት፣ የቀሚሱ ዘርፍና ሞጣሕት ናቸው፤ ለክቡ ጠርዝ የሚስማማው ጥልፍ ነው። የቀደሙት ባለሙያዎች ይህን በመጽሐፍ አልጻፉትም፤ እጃቸው ግን ያውቀዋል።

ከፋይ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጠጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኛ በመሆኑ አንዱ ቁራጭ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ከተቆረጠ ያው አንድ ጨርቅ በብርሃን ፊት ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል። የሙካሽ ክርም እንደ ተራ ክር በጨርቁ ውስጥ ቢመላለስ ይላጫል፤ ስለዚህ በላዩ ይነጠፍና በቀጭን ክር እየተያዘ ይታሰራል። ከሥሩ ጠንካራ ገበር ከሌለ የጥልፉ ክብደት ከፋዩን ይጎትተዋል። አንድ ካባ በዓመታት ውስጥ የሚያረጀው በአብዛኛው ከላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ከገበሩ ጀምሮ ነው።

የአየር ጠባይም የንድፍ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ በማለዳ ቅዳሴ ከፋይ ምቾት ይሰጣል። ከ600 ሜትር በታች በምትገኘው ጋምቤላ ግን ያው ልብስ ቅጣት ይሆናል። የጥጥ ሸማ የሚገባው እዚያ ነው። የሁለተኛው ቫቲካን ጉባኤ ስለ ቅዱስ አምልኮ ባወጣው ሕገ መንግሥት የአገሩ ጳጳሳት የልብሱን ጨርቅና ቅርጽ ከአካባቢያቸው ፍላጎትና ልማድ ጋር እንዲያስማሙ የፈቀደው፣ ከውድ ጌጥ ይልቅም የጨዋ ውበት እንዲፈለግ የመከረው፣ እንዲህ ያለውን ነገር አስቦ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ታዲያ አገርኛ ማድረግ የሚባለው ነገር ምንድን ነው? ዛሬ በብዙ ቦታ የምናየው ከውጭ የመጣ የፖሊስተር ካዙላ ላይ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጥለት ለጥፎ የኢትዮጵያ ልብስ ብሎ መጥራት ነው። መልካም ፈቃድን አልነቅፍም። ነገር ግን ጨርቁ ያልተፈተለ፣ ቅርጹ ያልታሰበበት፣ ጥለቱም በማተሚያ የታተመ ሲሆን በእውነቱ የቀረው የአገር ስም ብቻ ነው። በላቲን ሥርዓት ውስጥም ቢሆን ከሸማ የተቆረጠ፣ ወርዱንና ስፌቱን ያከበረ፣ ያለ ምንም ጥለት ነጭ ሆኖ የቀረ ካዙላ ከዚያኛው ይልቅ ኢትዮጵያዊ ነው።

አሁን ወደ ሠሪው እጅ ደርሰናል። ይህ የንግግሬ ዋና ክፍል ነው።

ኦሪት ዘጸአት ስለ አሮን ልብስ በሚናገርበት በ28ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ የሚጠራቸው ሰዎች እግዚአብሔር የጥበብን መንፈስ የሞላባቸውን ባለሙያዎች ነው። በ35ኛው ምዕራፍ ደግሞ ባስልኤልና ኤልያብ በስማቸው ተጠርተው የሽመናና የጥልፍ ጥበባቸው እንደ መንፈሳዊ ስጦታ ተቆጥሯል። በእኛ ታሪክ ውስጥ ግን ሸማኔው ቁጢት በጣሽ ተብሎ ተሰድቧል፤ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው በክፉ ዓይን ታይተዋል። ካህኑ በሸማኔው ጨርቅ ተጎናጽፎ ወደ መቅደስ ሲገባ ሸማኔው በመንደሩ የተናቀ ሰው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ ገደማ የእጅ ሠራተኞችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው የንቀቱን ጥልቀት ይመሰክራል። አዋጅ ስድብን ሊከለክል ይችላል፤ ክብርን ግን በአዋጅ ማልበስ አይቻልም።

አራዳ የዚህ ታሪክ አንዱ መድረክ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት የነበረው ገበያ ጣሊያኖች ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ የከተማይቱ ልብ ነበር። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ያመጡት ሐር፣ ከፋይና የወርቅ ክር ከአገሩ ሸማ ጋር የተገናኘው በዚህ አካባቢ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በግቢው የሚገኘው ሙዚየም የሥርዓት አልባሳትን፣ አክሊሎችንና ጥላዎችን ይዟል። የመኳንንቱ ለምድና የካህኑ ላንቃ ምን ያህል ዘመዳሞች እንደሆኑ ማየት የሚፈልግ ተማሪ በእግሩ ሄዶ ሊመለከት ይችላል። ሽመናው ደግሞ ከአራዳ ሽቅብ በሽሮ ሜዳ፣ በተለይም ከጋሞ ደጋማ አገር በመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ ይኖራል። የግዕዝ ሥርዓት ልብስ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶና በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው አንድ በመሆኑ፣ ይህ ሙያ ከተበተነ የሚጎዱት ሁለቱም ናቸው። ሊቃውንት በጉባኤ ያልተስማሙበትን ሰፊው በአንድ መቀስ ሲያገለግል ኖሯል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳና የአራዳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙው ክፍል ፈርሷል። ስለ ከተማ ፕላን ልከራከር አልመጣሁም፤ የተጨናነቁና ውኃ የማይደርሳቸው ቤቶች እንደነበሩ የሚክድ የለም። የምለው ሌላ ነው። ቤት ሲፈርስ ካሳ ወይም ምትክ ቤት ይታሰባል፤ ጉርብትና ግን በካሬ ሜትር አይለካም። ጨርቅ ሻጩ፣ ቆራጩ፣ ጠላፊዋ፣ ዘርፍ ሠሪውና ደንበኛው በእግር በሚደረስበት ርቀት ሲኖሩ አንድ ካባ በሳምንታት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሮ ያልቃል። እያንዳንዳቸው ወደ ተለያየ የከተማ ዳርቻ ሲሄዱ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻ ሥራውን ሊያከስር ይችላል። በዚያን ጊዜ ደብሩ ከውጭ የመጣውን የታተመ ጨርቅ ይገዛል፤ የሚወቅሰውም አይኖርም። ሙያ የሚሞተው እንዲህ፣ ያለ ጩኸት ነው።

ምን እናድርግ? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ያረጁ አልባሳት ከመቃጠላቸው ወይም ከመቀበራቸው በፊት ይለኩ። ለቅዱስ ንዋይ የሚደረገው አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ካባ በወረቀት ላይ ተዘርግቶ ቅርጹ ይነሣ፤ ገበሩ፣ የስፌቱ መስመርና የጥልፉ አሠራር ይመዝገብ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሜትር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው፤ ተማሪዎቻችን ይህን ለመሥራት ብቁ ናቸው።

ሁለተኛ፣ የልብስ ንድፍ ትምህርት ባለበት ሁሉ ባለሙያው እንደ መምህር ይጋበዝ። ወርቀ ዘቦ በእጇ ላይ ሃምሳ ዓመት የኖረች ጠላፊ ዲግሪ ስለሌላት ከክፍል ውጭ የምትቀር ከሆነ ጉድለቱ የእኛ የመማሪያ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፣ ልብስ የሚያሠሩ ደብሮችና ገዳማት በገበሩ ውስጥ የሸማኔውን፣ የሰፊውንና የጠላፊዋን ስም ያስጽፉ። ከውጭ አይታይም፤ ውበቱንም አይነካም። ካህኑ ካባውን በከፈተ ቁጥር ግን የማን ድካም በትከሻው ላይ እንዳረፈ ያነብባል። ለባስልኤልና ለኤልያብ የተሰጠውን የስም ክብር ለዶርዜው ሸማኔና ለአራዳዋ ጠላፊ መንፈግ አይገባንም።

ጥያቄያችሁንና ትችታችሁን እጠብቃለሁ፤ በተለይ ከመካከላችሁ መቀስና መርፌ የያዛችሁ ባለሙያዎች ከኋላ ወንበር ተነሥታችሁ ብታርሙኝ ደስ ይለኛል።